ምዕራፍ ስድስት፦ ጥፋት የሚመስል ሙያ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ሃስኪ ግን ይህን ተረት አያውቀውም። ሲያበሉት ይበላል፤ ስለበላበት ቤት ግን አይጮህም። እንግዳ ሰው በር ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል፤ በሩ በደንብ ካልተዘጋ ደግሞ እንግዳውንም ባለቤቱንም ትቶ ይወጣል። ዘብ ይሆነኛል ብሎ በብዙ ብር የገዛው ሰው ብዙም ሳይቆይ ዘቡን ራሱን ሲጠብቅ ይውላል።

የሃስኪ ባለቤቶች እሮሮ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ያመልጣል። ሲጠሩት አይመጣም። ግቢውን ቆፍሮ ይጨርሰዋል። ብቻውን ከዋለ ሶፋ ይቦጫጭቃል። ሌሊት ያላዝናል። ቤቱን በፀጉር ይሞላዋል። ዶሮና ድመት ባለበት አይታመንም። እሮሮውን የሰማ ሰው ሃስኪ አስቸጋሪ፣ እልኸኛ፣ ባስ ሲልም ደደብ ውሻ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሌላ ነው። ከእነዚህ «ጥፋቶች» አብዛኞቹ ሃስኪ ለተራባበት ሥራ የሚያስፈልጉ ችሎታዎች ነበሩ። ሥራው ከብዙዎቹ ሃስኪዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ችሎታው ግን በደማቸው ውስጥ አለ። ስለዚህ ሃስኪን መንከባከብ ማለት በአብዛኛው ለዚያ ሥራ ፈት ችሎታ የሚውልበትን ነገር መፈለግ ማለት ነው።

ሥራው ምን ነበር?

ሳይቤሪያን ሃስኪ የሚባለው ዝርያ መነሻው በሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የሚገኘው፣ ከአላስካ ጋር በቤሪንግ ሰርጥ የሚተያየው የቹኮትካ ምድር ነው። በዚያ የሚኖሩት ቹክቺዎች በበረዶ ላይ የሚሄዱትና የሚያጓጉዙት ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ነበር። በሰሜን ሳይቤሪያ ውሻን ለጋሪ ማሰልጠን ደግሞ እጅግ ጥንታዊ ነገር ነው። በ2020 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ በዞኮቭ ደሴት የተገኘና 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የውሻ ቅሪት ከዛሬዎቹ የበረዶ ጋሪ ውሾች ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው አሳይቷል።

የቹክቺዎች ውሻ ሥራው ከባድ ሸክም መጎተት አልነበረም። ብዙ ውሾች በአንድነት ተጠምደው ቀለል ያለ ጭነት፣ በመጠነኛ ፍጥነት፣ በጣም ረጅም መንገድ ያደርሳሉ፤ ያውም በጥቂት ምግብ። የሃስኪ ሰውነት ዛሬም ይህንኑ ይናገራል። ወንዱ ከ20 እስከ 27 ኪሎ፣ ሴቷ ከ16 እስከ 23 ኪሎ ትመዝናለች፤ ትልቁ ወንድ ቁመቱ ትከሻው ላይ ሲለካ 60 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። በፎቶ ተኩላ መስሎ ያየው ሰው በአካል ሲያገኘው «ይቺው ናት?» ማለቱ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ሥራ የተወሰነ ጠባይ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ውሻው መሮጥን ራሱን መውደድ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በአለንጋ የሚነዳ ውሻ ሩቅ አያደርስም። ሁለተኛ፣ ከሌሎች ውሾችና ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት፤ ጎኑ የተጠመደውን የሚነክስ፣ እንግዳ ባየ ቁጥር የሚያብድ ውሻ ጉዞውን ያበላሻል። ሦስተኛ፣ ገመዱ ሲወጠርበት ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ወደ ፊት መግፋት አለበት።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። የበረዶ ጋሪ ልጓም የለውም። ነጂው ከኋላ ቆሞ በቃል ብቻ ያዛል፤ «ጂ» ካለ ወደ ቀኝ፣ «ሃው» ካለ ወደ ግራ ነው። የበረዶውን ሁኔታ ቀድሞ የሚረግጠውና የሚያውቀው ግን ከፊት ያለው መሪ ውሻ ነው። ነጂው «ቀጥል» ሲል መሪው በረዶው እንደሳሳ ካወቀ ትእዛዙን መተላለፍ አለበት። እምቢ ማለት የሚችል ውሻ የነጂውን ነፍስ ያተርፋል። በሳሎን ምንጣፍ ላይ «ተቀመጥ» ሲባል አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ መስኮቱን አይቶ የሚያመዛዝነው ሃስኪ የእነዚያ መሪዎች ዘር ነው።

ቶጎ የተባለው ችግረኛ ቡችላ

ቹክቺዎች ያረቧቸው ውሾች በአላስካዋ ኖም ከተማ የታወቁት በ1909 ነው። ከሳይቤሪያ ተጭነው የመጡ የተወሰኑት በዚያ ዓመት፣ ደርሶ መልሱ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ታላቁ የአላስካ የበረዶ ጋሪ ውድድር ተሳተፉ። የአካባቢው ሰው ትንንሽነታቸውን አይቶ አይጥ እያለ ቀለደባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጆን ጆንሰን የተባለ ነጂ በዚሁ ዓይነት ውሾች ውድድሩን አሸነፈ። ከዚያም ኖርዌይ ተወልዶ አላስካ የኖረው ሌዮንሃርድ ሴፓላ ከ1915 እስከ 1917 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት አንደኛ ወጣ።

ሴፓላ ቶጎ የሚባል ቡችላ ነበረው። ከእኩዮቹ ያነሰ፣ ሕመም ያልተለየው፣ በዚያ ላይ ረባሽ ነበር። ሴፓላ ለሥራ አይሆንም ብሎ የቤት ውሻ እንዲሆን ለአንዲት ሴት ሰጠው። ቶጎ የተዘጋውን የመስኮት መስታወት ሰብሮ ዘለለና ኪሎ ሜትሮች ሮጦ ወደ ሴፓላ ተመለሰ። በሌላ ጊዜ ሴፓላ ለጉዞ ሲወጣ ቡችላው ከሰው ቁመት በሚበልጥ የሽቦ አጥር ላይ ሲዘል አንድ እግሩ ተያዘ። የውሾቹ ጠባቂ ከሽቦው ባላቀቀው ቅጽበት ተነሥቶ የጋሪውን ዱካ ተከተለ። ከተጓዦቹ ጋር ሲደርስም የተጠመዱትን ውሾች እየተተናኮሰ መንገዱን አመሰው።

ሴፓላ መላ ቢያጣ ጠመደው። ቡችላው በዚያው ቅጽበት ሰከነ። ዕድሜው ስምንት ወር ገደማ ቢሆንም በዚያ ቀን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ፤ መሸት ሲል ከመሪው ውሻ ጎን ተሰልፎ ነበር። መስኮት ያሰበረውም ጋሪ ያስጎተተውም ያው አንድ ፍላጎት ነበር።

በጥር 1925 ኖም ውስጥ ዲፍቴሪያ (ዘጊ አናዳ) ገባ። ወደቡ በበረዶ ተዘግቷል፤ በዘመኑ የነበሩት አውሮፕላኖችም ያንን ብርድ የሚደፍሩ አልነበሩም። መድኃኒቱ ኔናና ከተባለችው የአላስካ ከተማ ተነሥቶ 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ተጉዘው በአምስት ቀን ተኩል ኖም አደረሱት። የመጨረሻውን ጉዞ አድርጎ የካቲት 2 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተማዋ የገባው የጉናር ካሰን ጋሪ ነበር። የዚያ ጋሪ መሪ ተብሎ ስሙ የተነሣው ውሻ ባልቶም በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሐውልት ቆመለት። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሄደው ግን የሴፓላ ቡድን ነው። በረዶ የጋገረውን የኖርተን ሳውንድ ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ፣ መሄጃውን ጨምሮ 420 ኪሎ ሜትር ሲሸፍን ከፊት የመራው የ12 ዓመት ሽማግሌ የሆነው ቶጎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ የአሜሪካ ኬነል ክለብ ሳይቤሪያን ሃስኪን ራሱን የቻለ ዝርያ ብሎ መዘገበው።

አጥርና ገመድ

ለሃስኪ ግቢ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሌባ እንዴት ይገባል?» ሳይሆን «ውሻው እንዴት ይወጣል?» የሚለው ነው። አጥሩ ቢያንስ 1 ሜትር ከ80 መሆን አለበት። ሃስኪ ከላይ ካልቻለ ከሥር ይሞክራልና የአጥሩ ግርጌ ወደ መሬት ቢገባ ወይም ድንጋይ ቢደረደርበት ይመረጣል። አጥር ሥር የተቀመጠ በርሜል፣ የእንጨት ክምር ወይም የውሻ ቤት መሰላል ይሆንለታል። የበር መቀርቀሪያም በአፍንጫው ገፋ ሲደረግ የሚከፈት መሆን የለበትም።

ውጭ ሲወጣ ከገመድ አይፈታም። ይህ የጭካኔ ደንብ አይደለም። ሃስኪ ድመት ወይም ወፍ አይቶ መሮጥ ከጀመረ ስሙን ሲጠሩት ይሰማል፤ ግን አይቆምም። ሲቆም ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ሄዷል፤ መኪናም አያውቅም። በአገራችን ከተሞች ይህ ሌላ መዘዝ አለው፤ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ውሾች ያልተከተቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታና የዲስተምፐር ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍ መሰጠት አለበት። አንገቱ ላይ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ያለበት መለያ ማንጠልጠልም ብልህነት ነው።

ሃስኪን በሰንሰለት ቀኑን ሙሉ አስሮ ሌሊት መፍታት፣ በብዙ ግቢ የተለመደው ዘዴ፣ ለዚህ ዝርያ ከሁሉ የከፋው አያያዝ ነው። ጉልበቱ አይወጣም፣ ጓደኛ የለውም፣ የሚያስብበትም ነገር የለም። ሲፈታ የሚያደርገውን ሁሉ ሰንሰለቱ ላይ ሆኖ ሲያጠራቅመው ውሏል።

መፍትሔው ጠዋትና ማታ እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው። በግቢ ውስጥ ተለቆ መዞር አይበቃውም፤ ከሰው ጋር መሄድ፣ መሮጥ፣ ከተቻለም መጎተት ይፈልጋል። ለዚህ በአንገት የሚታሰር ቀበቶ አይሆንም፤ ክብደቱን ደረትና ትከሻ ላይ የሚያሳርፍ መታጠቂያ ያስፈልጋል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ባለቤቶች መታጠቂያውን በላስቲክ ገመድ ከወገባቸው ጋር አያይዘው አብረው ይሮጣሉ፤ ብስክሌት የሚያስጎትቱም አሉ። ቡችላ ግን አጥንቱ ሳይጠና ሸክም አይጎትትም፤ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው መታገስ ይገባል።

ትምህርቱም እንደ ጠባዩ ነው። አንድን ትእዛዝ ሃምሳ ጊዜ ማስደጋገም ያሰለቸዋል። አሥር ደቂቃ አስተምሮ፣ በትክክል ሲሠራ ወዲያው በቁራሽ ሥጋ ሸልሞ፣ ገና ፍላጎቱ ሳይሞት ማቆም ይሻላል። ዱላ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሚመታው ሰው መራቅን። መራቅን ደግሞ ያለ አስተማሪም ይችልበታል።

ፀጉርና ሙቀት

የሃስኪ ፀጉር ሁለት ድርብ ነው። ከሥር ያለው ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ጋቢ ሙቀት የሚይዝ ነው፤ ከላይ ያለው ረዘምና ጠንከር ብሎ በረዶና ውኃ ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ያደርጋል። የሥረኛው ድርብ ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ በብዛት ይረግፋል። በዚያ ሰሞን የውሻው ጭንና ጎን ላይ ነጣ ያሉ ጉጦች ብቅ ይላሉ፤ በጣት ሲይዟቸው ያለ ሕመም ተነቅለው ይወጣሉ። ጥርሱ ረጅምና ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከቆዳው ሳይፋቅ በፀጉሩ አቅጣጫ ሲበጠር ከአንድ ውሻ የሚወጣው ፀጉር ፌስታል ይሞላል። በቀን አንዴ እየተበጠረ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀጥላል፤ ከዚያ ያልፋል። በሌላው ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። ሃስኪ ጠረኑ ብዙ አይከብድም፤ ራሱንም ይልሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ማጠብ አያስፈልገውም።

ትልቁ ስሕተት ሙቀት ሲመጣ ፀጉሩን መላጨት ነው። የተላጨ ሃስኪ ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ፀጉሩም በተለይ በዚህ ዓይነት ዝርያዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ሳያድግ ሊቀር ወይም ተበላሽቶ ሊያድግ ይችላል። ሙቀት የሚቀንስለት ሌላ ነገር ነው፤ ጥላ፣ ያልተቋረጠ ውኃ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ፣ የሰዓት ምርጫ።

ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 41ን ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ማለክለኩ ሲፋጠን፣ ድዱ በጣም ሲቀላ፣ ምራቁ ሲወፍር፣ ሲንገዳገድ ጊዜ አይሰጥም። ወደ ጥላ አስገብቶ ቀዝቃዛ ውኃ በሰውነቱ ላይ ማፍሰስና ማራገብ፣ እያቀዘቀዙም ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ አገርና አገር ይለያያል። የአዲስ አበባ ከፍታና የሌሊት ቅዝቃዜ ለሃስኪ መጥፎ አይደለም፤ የቀትሩን ፀሐይ ከሸሸ ይኖራል። ድሬዳዋ ወይም አፋር ላይ ግን ሃስኪ ማሳደግ ውሻውን መበደል ነው። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሃስኪ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች በበጋ ቀኑን ሙሉ ኤርኮንዲሽነር ባለበት ያውሉታል፤ የሚያንሸራሽረው ሰውም ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ መውጣት ይኖርበታል። አስፋልቱ የሚረገጥ መሆኑን ለማወቅ የእጅን ጀርባ ለጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ ይበቃል፤ ሰው ያልቻለውን መዳፉም አይችለውም።

ትራፊና ሽንኩርት

በአላስካ ረጅም ውድድር ላይ የሚሮጡ የጋሪ ውሾች፣ ብዙዎቹ ለፍጥነት የተዳቀሉ የሃስኪ ዘመዶች፣ በቀን እስከ 10,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላሉ። የቤት ሃስኪ ግን ከቁመናው አንጻር ትንሽ በላተኛ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሳህኑን አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል። ንቁ ከሆነና ክብደቱ ካልቀነሰ ይህ ሕመም አይደለም። በጥቂት ምግብ ሩቅ መሄድ የሙያው አካል ነበር።

ምን እንደሚበላ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ2020 ጥናት የጋሪ ውሾች ስብ የበዛበትን ምግብ ለመጠቀም እንደተላመዱ፣ ስታርች ለመፍጨት የሚረዳው ዘረ መል ግን ከሌሎች ብዙ ውሾች ይልቅ በቁጥር አነስተኛ ሆኖ እንደሚገኝባቸው አመልክቷል። ሥጋና ዓሣ ለሚበሉ ሰዎች የሠራ ውሻ የሥጋና የዓሣ ሆድ ነው ያለው። በተጨማሪ አንዳንድ ሃስኪዎች ዚንክ ከምግባቸው በደንብ መውሰድ አይችሉም፤ ምግቡ በእህል ላይ የተመሠረተ ሲሆን ደግሞ ይብስባቸዋል። በዓይናቸውና በአፋቸው ዙሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ይላላጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል። ብዙ ሰው እከክ መስሎት በሳሙና ይፈትገዋል፤ መፍትሔው ግን ሐኪም መጠኑን የወሰነው ዚንክ ነው።

ለእኛ ቤት ዋናው ማስጠንቀቂያ ወጥ ነው። የተረፈ እንጀራ በወጥ ለውሻ መስጠት ልማድ ነው፤ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ውሻው ሲዳከምና ድዱ ሲገረጣ ነው የሚታወቀው። ቸኮሌትና ወይንም አይሰጡትም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋልና እሱም ይቅርበት።

ሲያላዝን ምን ይላል?

ሌሊት ውሻ ሲያላዝን «ምን ሊያሰማን ነው?» ብሎ የሚያማትብ ጎረቤት ያለው ሰው ሃስኪ ከማሳደጉ በፊት ያስብበት። ሃስኪ ከመጮህ ይልቅ ማላዘን ይቀናዋል፤ አንዳንዴም የሚያወራ የሚመስል ረጅም «ዉ ዉ ዉ» ያሰማል። የአምቡላንስ ድምፅ ሲሰማ ይመልሳል፣ ሌላ ውሻ ሲጀምር ይቀበላል፣ ባለቤቱ ሲዘገይ ያጉረመርማል። ድምፁ በጋራ ለመኖር የተሠራ ነው፤ ውሻው ያለበትን አሳውቆ ሌሎቹ ያሉበትን ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ ሃስኪ ብቻውን መዋል አይወድም። በቡድን ሲኖር የኖረ ውሻ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ቤት ሲዘጋበት ያላዝናል፣ ይቆፍራል፣ ይቦጫጭቃል። ባለቤቱ ማታ ሲመጣ ትራሱ ተበትኖ ያገኛል፤ ውሻው ያጠፋው ሊበቀለው አስቦ ይመስለዋል። ውሻው ግን የያዘው ብስጭትና ሥራ መፍታት ነው፤ ከሰዓታት በኋላ የሚደርስበትን ቁጣም ከትራሱ ጋር አያገናኘውም። ጠዋት በደንብ ሮጦ የደከመ፣ አጠገቡ ሌላ ውሻ ወይም ሰው ያለው፣ ምግቡ የተደበቀበት መጫወቻ የተሰጠው ሃስኪ ግን አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ያሳልፋል።

ዝርያ ሁሉን አይወስንም

እስካሁን የተባለው ስለ ዝርያው ነው፤ ቤት የሚገባው ግን አንድ ውሻ ነው። በ2022 በ«ሳይንስ» የታተመ፣ ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች የተጠየቁበትና ከ2,000 በላይ ውሾች ዘረ መል የተነበበበት ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። ለትእዛዝ ፈጣን መሆንን በመሰሉ ጥቂት ጠባዮች ላይ የዝርያ ድርሻ ከፍ ይላል፤ በብዙዎቹ ላይ ግን አስተዳደግ፣ ዕድሜና የውሻው የራሱ ባሕርይ ያመዝናሉ። ሶፋ ላይ ሲጋደም የሚውል ሃስኪም፣ ሲጠሩት የሚመጣ ሃስኪም አለ። ያ እስኪረጋገጥ ግን ገመዱን አለመፍታት ይሻላል።

ስለ ዓይኑ ቀለምም አንድ ቃል። ሰማያዊ ዓይን፣ ወይም አንዱ ሰማያዊ ሌላው ቡናማ መሆኑ ሕመም አይደለም፤ በ2018 የወጣ ጥናት በውሻ 18ኛው ክሮሞሶም ላይ ካለ የዘረ መል ድግግሞሽ ጋር አያይዞታል። ይልቅ ሃስኪ በወጣትነት የሚመጣ የዓይን ሞራን የመሰሉ የሚወረሱ የዓይን ሕመሞች ስላሉበት፣ ቡችላ የሚገዛ ሰው የወላጆቹ ዓይን መመርመሩን ሊጠይቅ ይገባል።

መልኩን አይቶ መግዛት

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ገንኖ በነበረበት ጊዜ፣ በፊልሙ ያሉትን ግዙፍ ተኩላዎች የሚመስል ውሻ የሚፈልግ ሰው በዛ፤ ሃስኪም በብዛት ተገዛ። ብዙም ሳይቆይ የተጣሉ ሃስኪዎች ወደ መጠለያዎች መጉረፍ ጀመሩ። በ2017 ከፊልሙ መሪ ተዋንያን አንዱ የሆነው ፒተር ዲንክሌጅ፣ ተመልካቾች ለመልኩ ብለው ሃስኪ እንዳይገዙ በይፋ ለመነ። ውሾቹ ምንም አዲስ ነገር አላደረጉም፤ ከጥንት ጀምሮ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት።

ሃስኪ በአማካይ ከ12 እስከ 14 ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ያምራል ወይ?» አይደለም፤ ማማሩ አያጠራጥርም። ጥያቄው ለሚቀጥሉት 12 ዓመታት ጠዋት ጠዋት፣ በዝናብም በብርድም፣ ማን ይዞት ይሮጣል የሚለው ነው። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ የሚፈልግ ሰው የአገሩን ውሻ ያሳድግ፤ አየሩን የለመደ፣ ምግብ የማያማርጥና ለመጮህ የማይለመን ነው። የአፓርታማ ጓደኛ የሚፈልግም ጸጥ ያለ ዝርያ አያጣም። ራሱ መሮጥ የሚወድ፣ የሥራ ሰዓቱ የሚፈቅድለት፣ እምቢታን እንደ ድፍረት የማይቆጥር ሰው ግን ሃስኪ ቢወስድ ይግባባሉ። ከእሱ ጋር ሲሆን ያ ሁሉ ጥፋት የጠዋት ሥራቸው ይሆናል።